ዓሣ የተጠቀለለበት ዓመት

እትዬ እንጉዳይ ፊደል አልቆጠሩም፤
ግን ያልተነበበ ወረቀት ላይ ዓሣ አያሳርፉም።
"አንብቢልኝ" ይላሉ፣ እጃቸው በቅርፊት ሲያበራ እንደ ብር፣
"ለእኔ ሳይነገር ለዓሣ አይነገር።"

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ደብተሬ በፌስታል፤
ከመሥሪያ ቤት በኪሎ የተገዛ ጋዜጣ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቷል።
ወሬው ባሕር ዳር ሲደርስ ሳምንት አርጅቶ ነው፤
ዓሣው ግን የዛሬ ነው፣ ጅራቱ ገና ሕይወት አለው።

ዘመኑ ዘጠና።
በጥቅምት ዝናቡ አልሄድም አለ፤
የታጨደው ጤፍ ክምሩ ላይ በቀለ።
"ኤልኒኞ" ይላል፤ ሦስቴ ተንተባተብኩ።
"ማነው ደሞ እሱ?"
"የባሕር ሙቀት ነው እትዬ፣ ከሩቅ የመጣ" አልኩ።
ቢላዋቸውን እንደያዙ ዞረው ጣናን አዩት፣ እንደ ተጠርጣሪ፤
"የኛስ? የኛ ባሕር ማንን በደለ?"
ኤልኒኞ ላይ ሁለት ቆረሶ ተጠቀለለ፣
ለባንኩ ዘበኛ፣ በዱቤ።

ኅዳር ላይ የገንዘብ ወሬ፤
ጎረቤት አገር የራሱን ኖት አሳተመ።
ጋሽ ዕቁባይ ከኪዮስኩ ሆኖ ሰማ፣
ሽቦውን በጥርሱ ላጠ፣
እርሳሱን አቀለጠ፣
ምንም አልተናገረ።

ጋሽ ዕቁባይ ማለት
ጨርቃጨርቁ ሲተከል ከአስመራ የመጣ፣
የሽምብጥን ሬዲዮ ሁሉ ከሞት አፍ ያወጣ፣
ሲቆጣ ብቻ "ቀ"ው ከጉሮሮው የሚወጣ፣
የጀልባ ነጂዎች "ሐኪሙ" የሚሉት፣
ከአምባዛ ጭንቅላት በቀር ሥጋ የማይጥመው።

ግንቦት።
የፊቱ ገጽ ከወትሮው ጠቆረ፤ ርእሱ አውራ ጣቴን አከለ።
"ባድመ" አልኩ።
"ባድማ?"
"አይ፣ ባድመ።"
"ልዩነቱ ምንድነው?"
የጂኦግራፊ መጽሐፌን አገላበጥን፤ የለም።
ጋሽ ዕቁባይ ያውቅ እንደሆን ብለን ቀና ስንል
ኪዮስኩን ቆልፎ ሄዷል፣ ገና በቀትር።

ሰኔ ግን የኳስ ነበር፤ ይህን አልክድም።
ቴሌቪዥኑን በመስኮት ወደ ውጭ አዞረልን፣
ማንጎው ላይ ተሰቀልን፣
ከፈረቃ የለቀቁት ከነጥጥ ብናኛቸው መጥተው ግቢው ሞላ፤
ቢጫ ለባሾቹ ሲያገቡ ጩኸታችን
ሻላዎቹን ከባሕሩ ዳር አስበረገገ።
"ጠርቶ ይታያል?" ይላል፣ ጣሪያ ላይ አንቴና ይዞ ቆሞ።
"ይታያል!"
እሱ ግን አንድም ጎል አላየም።

ሐምሌ ሊገባ ሲል፣ በሌሊት፣ አንድ ፒካፕ።
ጠዋት ቤቱም ኪዮስኩም ላይ ወረቀትና ማኅተም።
የጠየቀ ጥቂት ነው፤ ለጠየቀውም መልስ የሰጠ የለም።
እናቴ መጋረጃውን ዘጋችው።
እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣
መጀመሪያ የጠየቅሁት
"ፍጻሜውን የት እናያለን?" ነበር።

ፍጻሜውን ሰማነው እንጂ አላየነውም፤
ማታ በአራት ሰዓት፣ ከእትዬ እንጉዳይ ሬዲዮ፣
ሆዱ በሱ እጅ የተበየደ፣ ጀርባው በሱ ጎማ የታሰረ።
ሦስት ለባዶ።
ድምፁ ጠርቶ ነበር።

በሳምንቱ ጋዜጣው መጣ።
ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላቸው፤
ዋንጫውን፣ ግንባሩን፣ ሐራጁን፣ የጠፋ ሊብሬውን።
"ዕቁባይ የሚል የለም?"
"የለም።"
"ከኳሱስ ሥር?"
"የለም እትዬ።"
ወረቀቱን አጥፈው ተቀመጡበት።
የዚያን ቀን ዓሣ የተሸጠው በኮባ ቅጠል ነው።

ታንኳ ሠሪው አደም ግን፣ ደንገል ከሚያጭድበት ማዶ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ እየቀዘፈ ይመጣ ነበር፣ እስከ ጳጉሜን፤
በላስቲክ የጠቀለላትን ቁራጭ ደረሰኝ ይዞ
የታሸገው ኪዮስክ ፊት ይቆማል።
"ሬዲዮዬ ደረሰች?"
ምንም አልሰማም።
በምን ይስማ?